የሠለጠኑ ባለሙያዎች የፍልሰት ሕግ ሲቀየር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ወደ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያደርሱ ሌሎች መንገዶች

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ሙያውን ይዞ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ ጀርመን ለመሄድ የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቅዱን በአንድ መንገድ ላይ ብቻ ይጥላል። ቋንቋውን ይፈተናል፤ ዲግሪውን ያስገመግማል፤ ነጥቡን ደምሮ ግብዣ ይጠብቃል። በዚህ መሐል ሕጉ ሲለወጥ የደከመበት ሁሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ለአንዱ መንገድ የተዘጋጀው ሰነድና የፈተና ውጤት አብዛኛው ለሌላውም ያገለግላል። ይህ መመሪያ ዋናው የነጥብ መንገድ ሲጠብ ለዚህ አካባቢ ሰው የሚቀርቡት ሌሎች መንገዶች የትኞቹ እንደሆኑና ለእነሱ ከወዲሁ ምን መዘጋጀት እንዳለበት ያሳያል። የተጠቀሱት የውጭ አገር ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ቁጥሮቹም አጠገባቸው በተጻፈው ዓመት የነበሩ ስለሆኑ ከማመልከትዎ በፊት በየአገሩ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ እንደገና ሊያዩአቸው ይገባል።

መጀመሪያ የተቀየረው ምን እንደሆነ ይለዩ

ለውጥ ሁሉ አንድ ዓይነት ባለመሆኑ መፍትሔውም አንድ አይደለም። አንዳንዱ የነጥብ አሰጣጥን ይነካል። ካናዳ ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ ከአሠሪ የቅጥር ደብዳቤ ላለው አመልካች በኤክስፕረስ ኤንትሪ፣ ማለትም ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድራ ለቋሚ መኖሪያ በምትጋብዝበት ሥርዓት፣ ትጨምርለት የነበረውን 50 ወይም 200 ነጥብ አስቀርታለች፤ ደብዳቤው በገንዘብ የሚሸጥ ነገር ሆኖ ስለነበር መንግሥት ያንን ገበያ ለማፍረስ የወሰደው እርምጃ ነው። ሌላው ለውጥ የሙያ ደረጃንና የደመወዝ ወለልን የሚመለከት ነው። እንግሊዝ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ የስኪልድ ወርከር (የሠለጠነ ሠራተኛ) ቪዛን በዋናነት ለዲግሪ ደረጃ ሙያዎች አድርጋ አጠቃላይ የደመወዝ ወለሉን ወደ 41,700 ፓውንድ ከፍ አድርጋለች፤ በዚያው ቀን የአረጋውያንና የሕሙማን ተንከባካቢ ሠራተኞችን ከውጭ አገር መቅጠርም ቆሟል። ሦስተኛው የኮታ ለውጥ ሲሆን፣ ካናዳ ለ2024 ዓ.ም. 485,000 አዲስ ቋሚ ነዋሪዎችን ለመቀበል አቅዳ ከቆየች በኋላ የ2025ቱን ዕቅድ ወደ 395,000 አውርዳዋለች።

ስሙ ሲለወጥ የተዘጋ የሚመስልም አለ። አውስትራሊያ ዲሴምበር 7 ቀን 2024 በንዑስ ክፍል 482 ሥር ይሰጥ የነበረውን ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ስኪልስ ኢን ዲማንድ በሚባል ቪዛ ተክታዋለች። ይህ መዘጋት አይደለም፤ እንዲያውም የሚጠየቀው የሥራ ልምድ ከሁለት ዓመት ወደ አንድ ዓመት ዝቅ ብሏል። በቴሌግራም የሚዞረውን አንድ መስመር ዜና ይዞ ዕቅድ ከመጣል በፊት ደንቡን ራሱን ማንበብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ደንቡን ሲያነቡ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ የሚጸናበትን ቀንና ቀደም ብለው የገቡ ማመልከቻዎችን ይነካ እንደሆነ። በካናዳው ሥርዓት በእጩዎች ቋት ውስጥ የተቀመጠ ፕሮፋይል እንደ ማመልከቻ አይቆጠርም። ስለዚህ የነጥብ ደንቡ ሲቀየር በቋቱ ያለው ሰው ውጤት ወዲያውኑ ይቀየራል፤ ግብዣ ደርሶት ማመልከቻውን ያስገባ ሰው ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ይህንን ልዩነት ባለማወቅ "ቀድሜ ስለተመዘገብኩ አይነካኝም" ብሎ የሚዘናጋ ብዙ ነው።

ፈረንሳይኛ፦ ለዚህ አካባቢ ሰው የቀረበው መንገድ

በእኔ ግምት ከሁሉም አማራጮች ለድሬዳዋ ሰው ሰፊው ይህ ሆኖ ሳለ ከሁሉም ያነሰ የሚሞከረውም ይኸው ነው። ድሬዳዋ ከጂቡቲ የተነሣው የፈረንሳዮች የባቡር ሐዲድ በአውሮፓውያን 1902 ሲደርስባት የተቆረቆረች ከተማ ናት። የባቡር ድርጅቱ ሠራተኞችም ለብዙ ዓመታት ፈረንሳይኛን የሥራ ቋንቋ አድርገውት ኖረዋል። ቋንቋውን የሚያስተምረው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አሁንም በከተማው አለ፤ ፈረንሳይኛ የመንግሥት ቋንቋ የሆነባት ጂቡቲም በባቡር የምትደረስ ጎረቤት ናት። ሆኖም ለካናዳ የሚዘጋጀው ወጣት ሁሉ ጊዜውንና ገንዘቡን አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ብቻ ያጠፋል።

የፈረንሳይኛው ጥቅም በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ካናዳ ከ2023 ጀምሮ በኤክስፕረስ ኤንትሪ ውስጥ ለተወሰኑ ምድቦች ለብቻቸው ግብዣ ታወጣለች፤ ከምድቦቹም አንዱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው። በዚህ ምድብ ለመግባት በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ በአራቱም በካናዳ የፈረንሳይኛ መለኪያ ቢያንስ ደረጃ 7 ማግኘት ያስፈልጋል። በፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ በዚህ ምድብ የተጋበዘው ዝቅተኛ ውጤት 336 ነበር፤ በማርች 2025 ደግሞ 379። በዚያው በ2025 ዓ.ም. በካናዳ የሥራ ልምድ ላላቸው በወጡት ግብዣዎች የተጠየቀው ውጤት ከ500 በላይ ነበር። ይህ ልዩነት የአንድ ሰሞን አጋጣሚ አይደለም። የካናዳ መንግሥት ከኩቤክ ውጭ ያሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ማኅበረሰቦች እንዳይመናመኑ የራሱን ግብ አስቀምጧል፤ ከኩቤክ ውጭ ከሚገቡ አዲስ ቋሚ ነዋሪዎች ውስጥ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች 8.5 በመቶ እንዲሆኑ ለ2025 ታቅዶ ነበር። አጠቃላይ ኮታው በተቀነሰበት ዓመት እንኳ ይህ ግብ አልተቀነሰም።

"ቋንቋ ስማር ዕድሜዬ ይሄዳል፤ ነጥቤም ይቀንሳል" የሚለው ስጋት ትክክለኛ ስለሆነ አብረን እናስላው። ያላገባ የ31 ዓመት አመልካች በዕድሜ 99 ነጥብ ያገኛል፤ ሁለት ዓመት አጥንቶ 33 ሲሞላው ይህ ወደ 88 ይወርዳል፣ ማለትም 11 ነጥብ ያጣል። በአንጻሩ እንግሊዝኛው ደረጃ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ፈረንሳይኛው በአራቱም ክህሎት 7 ከደረሰ 50 ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል፤ ፈረንሳይኛው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ሲቆጠርለት ደግሞ ሌላ 12 ነጥብ ይታከልለታል። 11 አጥቶ 62 ማግኘት ነው፤ ዝቅተኛ መቁረጫ ነጥብ ወዳለው ምድብ መግባቱ ደግሞ ከዚህ በላይ ነው። ዕድሜው ወደ 40 ለተጠጋ ሰው ኪሳራው ስለሚበረታ ስሌቱን በራሱ ቁጥር መሥራት አለበት።

ደረጃ 7 የዋዛ አይደለም። በአውሮፓው መለኪያ ወደ ቢ2 የሚጠጋ ስለሆነ ከፊደል የሚጀምር ሰው የወራት ሳይሆን የዓመታት ሥራ እንደሚጠብቀው አውቆ ይግባበት። ከጂቡቲ ጋር ሲነግድ ወይም በትራንዚት ሥራ ላይ ፈረንሳይኛ የለመደ ሰው በመናገሩ ይተማመናል፤ በቴፍ ካናዳ ወይም በቴሴኤፍ ካናዳ ፈተና ላይ የሚጥለው ግን ብዙውን ጊዜ መጻፉ ነው። መምህር ሲመርጡ በየሳምንቱ ጽሑፍ የሚያርምልዎትን ይምረጡ። ለፈተናው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ አገር መጓዝ ሊያስፈልግ ስለሚችል ወጪውን ከመነሻው ያስሉት።

ደረጃ 7 ላልደረሰ ሰው ዝቅ ያለ መግቢያም አለ። ሞቢሊቴ ፍራንኮፎን የሚባለው የሥራ ፈቃድ በመናገርና በማዳመጥ ደረጃ 5 ይበቃዋል፤ ከኩቤክ ውጭ የሚቀጥር አሠሪ ካለም የካናዳ ሠራተኛ ፈልጎ እንዳጣ የሚያረጋግጠውን ረጅም የገበያ ጥናት ፈቃድ አይጠይቅም። ይህ በራሱ ቋሚ መኖሪያ አይደለም፤ ነገር ግን በሠለጠነ ሙያ የአንድ ዓመት የካናዳ ሥራ ልምድ ሲገኝበት ወደ ቋሚው የሚያሻግር ድልድይ ይሆናል። በ2025 የተጀመረው የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ማኅበረሰቦች የሙከራ ፕሮግራምም እንዲሁ ደረጃ 5ን ይቀበላል። በፕሮግራሙ ስድስት አካባቢዎች ታቅፈዋል፤ በኦንታርዮ ሰድበሪ፣ ቲሚንስና ሱፒሪየር ኢስት፣ በማኒቶባ ሴን ፒዬር ጆሊ፣ በኒው ብራንስዊክ የአካዲያ ልሳነ ምድር፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ኬሎውና። እዚያ በፕሮግራሙ ከተመዘገበ አሠሪ የሥራ ቅጥር ማግኘት ግድ ነው። ፈረንሳይኛ ሲባል ወዲያው ኩቤክን የሚያስብ ሰው ግን ይጠንቀቅ፦ ኩቤክ የራሷ የምርጫ ሥርዓት ስላላት ከላይ የተባሉት ሁሉ ከእሷ ውጭ ለሚኖር ሰው የተዘጋጁ ናቸው።

ትልልቆቹን ከተሞች ትቶ መኖር

የካናዳ ክፍለ ሀገራት የሚሰጡት እጩነት በኤክስፕረስ ኤንትሪ 600 ነጥብ ስለሚያስገኝ ግብዣውን እርግጠኛ ያደርገዋል ማለት ይቻላል። ችግሩ የክፍለ ሀገራቱ የ2025 ድርሻ ከቀዳሚው ዓመት ዕቅድ በግማሽ ተቀንሶ 55,000 መሆኑ ነበር። የቀራቸውንም በአብዛኛው እዚያው ለሚሠሩ ሰዎች ስለሚሰጡ፣ ከሐረር ሆኖ የሚያመለክት ሰው ያለ ምንም ትስስር ቢሞክር ውጤቱ አነስተኛ ነው። ወንድም ወይም እህት፣ የቀድሞ ትምህርት ወይም እውነተኛ አሠሪ ያለበትን ክፍለ ሀገር መምረጥ ይሻላል። በአትላንቲክ ዳርቻ ያሉት አራቱ ክፍለ ሀገራት ኖቫ ስኮሺያ፣ ኒው ብራንስዊክ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴትና ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር የራሳቸው የተለየ ፕሮግራም አላቸው፤ በ2025 የተከፈተው የገጠር ማኅበረሰቦች ፕሮግራም ደግሞ 14 አካባቢዎችን ያቀፈ ነው። ሁለቱም ከተመዘገበ አሠሪ የሥራ ቅጥር ይጠይቃሉ።

አውስትራሊያ ውስጥ የዚህ አቻ ንዑስ ክፍል 491 የሚባለው ቪዛ ነው። ነጥብ ብቻ የሚያስፈልገው የ189 ቪዛ ፉክክሩ ሲከብድ፣ በአንድ ግዛት የሚታጭ ሰው በ190 ቪዛ 5 ነጥብ፣ በ491 ግን 15 ነጥብ ያገኛል። 491 ጊዜያዊ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መስፈርቱን ያሟላ ሰው በ191 ቋሚ መኖሪያ ይጠይቃል። በእነዚህ ዓመታት በተፈቀደው ክልል መኖርና መሥራት ግዴታ ነው። ክልል ሲባል ግን በረሃ ብቻ አይደለም፤ ከሲድኒ፣ ከሜልበርንና ከብሪዝበን በስተቀር ፐርዝና አደሌድን የመሳሰሉ ትልልቅ ከተሞችም በዚሁ ይቆጠራሉ። ዕድሜ ከ45 በታች መሆኑና ቢያንስ 65 ነጥብ መያዙ ግን አይቀርም፤ 65 ለመመዝገብ የሚያበቃ እንጂ ለመጋበዝ የሚበቃ አለመሆኑንም ልብ ይሏል።

ለጤና ባለሙያዎችና ለቴክኒሻኖች

በሕይወት ፋና ወይም በድል ጮራ ሆስፒታል አልያም በግል ክሊኒክ የሚሠራ ነርስ ስለ እንግሊዝ የሚሰማው ዜና በሙሉ "ተዘግቷል" የሚል ይሆናል። የተዘጋው ለተንከባካቢ ሠራተኞች ነው፤ የተመዘገበ ነርስ መንገድ አሁንም አለ፤ በአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤት መመዝገብን ግን ይጠይቃል። የሚጠብቁት ጊዜ ሊረዝም እንደሚችል ይወቁ፤ የእንግሊዝ መንግሥት በሜይ 2025 ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ ለቋሚ መኖሪያ የሚጠየቀውን አምስት ዓመት ወደ አሥር ለማሳደግ ሐሳብ አቅርቧል።

እዚህ ላይ ለነርሶች ልዩ ትኩረት የሚያሻው ነጥብ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ ጥበቃ ከሚያደርግላቸው አገሮች አንዷ ናት። በዚህም ምክንያት የእንግሊዝ የቅጥር ሥነ ምግባር ደንብ ቀጣሪዎችና ወኪሎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነርስ እንዲመለምሉ አይፈቅድም፤ ነርሱ ራሱ ማስታወቂያ አይቶ በቀጥታ ቢያመለክት ግን አይከለከልም። ስለዚህ በሐረር ወይም በድሬዳዋ ሆቴል ስብሰባ ጠርቶ "የእንግሊዝ ሆስፒታል ልኮኝ ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ፣ እውነት እንኳ ቢሆን ደንቡን እየጣሰ መሆኑን ይገንዘቡ።

ጀርመን የቴክኒሻኖች መንገድ ናት ብል አላጋነንኩም። ከጁን 1 ቀን 2024 ጀምሮ የምትሰጠው ቻንሰንካርተ ሥራ መፈለጊያ የሚሆን የአንድ ዓመት ፈቃድ ሲሆን፣ ዲግሪ ወይም በአገር ውስጥ በመንግሥት የታወቀ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና፣ የጀርመንኛ ኤ1 ወይም የእንግሊዝኛ ቢ2 እንዲሁም ከነጥብ ሰንጠረዡ 6 ነጥብ ይጠይቃል። በባቡር ጥገና፣ በኤሌክትሪክ ወይም በመካኒክነት ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቀ ሰው የሥልጠናውን ርዝመት የሚያሳይ ማስረጃ ከብቃት ማረጋገጫው ጋር አብሮ መያዝ አለበት፤ የብቃት ምዘና ወረቀቱ ብቻውን የሥልጠናውን ዓመት አያሳይም። ለኑሮ በወር 1,091 ዩሮ፣ በዓመት 13,092 ዩሮ ማሳየት በ2025 ይጠየቅ ነበር፤ ብዙውን ሰው የሚያቆመውም ይኸው ነው። ሥራ ከተገኘ በኋላ በሠለጠነ ሠራተኛነት ሦስት ዓመት የሠራና የጡረታ መዋጮውን የከፈለ ሰው በቢ1 ጀርመንኛ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላል፤ ብሉ ካርድ የሚባለው የከፍተኛ ባለሙያዎች ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ በቢ1 በ21 ወር።

በትምህርት ሄዶ መቅረትን እንደ ዋና ዕቅድ አልመክርም። ካናዳ ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ለብዙ የኮሌጅ ፕሮግራሞች ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን የሥራ ፈቃድ በትምህርት መስክ ስለገደበች፣ ክፍያው የተከፈለበት ዲፕሎማ የሥራ ፈቃድ ላያስገኝ ይችላል።

በቤተሰብ በኩል

የትዳር ጓደኛ ስፖንሰርነት የነጥብ ሕግ ሲቀየር የማይናወጥ መንገድ ነው፤ ለእውነተኛ ትዳር ብቻ የተሠራ መሆኑ ግን አይዘነጋ። በሐረርና በድሬዳዋ በኒካህ የተጋቡ ብዙ ባልና ሚስቶች በእጃቸው ያለው የቃዲ ወረቀት ብቻ ነው። በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የሃይማኖት ጋብቻን ያውቃል፤ ለውጭ አገር መሥሪያ ቤት የሚቀርበው ግን የወሳኝ ኩነት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስለሆነ ኒካሁን በቀበሌው ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በተመዘገበበት ቀንና በተጋቡበት ቀን መካከል ያለው ልዩነት ጥያቄ ስለሚያስነሣ፣ ምስክር ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ቀን መስፈሩን ሳያረጋግጡ ከቢሮው አይውጡ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ልጅን መደበቅ ነው። አንድ ሰው ነጥቡ እንዳይቀንስ ወይም ሒደቱ እንዳይዘገይ ብሎ ከሌላ እናት የወለደውን ወይም ከአያት ጋር የሚኖረውን ልጁን ሳያስመዘግብ ካናዳ ቋሚ ነዋሪ ከሆነ፣ በኋላ ያንን ልጅ በቤተሰብ ስፖንሰርነት ለመውሰድ ሕጉ በመሠረቱ ይከለክለዋል። አብሮ የማይሄድ ልጅም ቢሆን በቅጹ ላይ ይጻፋል፤ የጤና ምርመራም ያደርጋል። በካናዳ የሚኖር ወንድም ወይም እህት ካለ ስፖንሰር ባይሆንም 15 ነጥብ ያስገኛል፤ ዝምድናውን የሚያሳይ የሁለቱ የልደት ምስክር ወረቀት ግን የወላጆቹን ስም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መያዝ አለበት።

የአሜሪካን ዲቪ በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። በሕግ በዓመት ቢበዛ 55,000 ቪዛ የሚመደብለት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀ ወይም ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት በሠለጠነ ሙያ የሠራ ሰው የሚገባበት ዕጣ ነው። በፖለቲካ ውሳኔ በቀላሉ የሚነካ በመሆኑም ዕቅድ ሊቆምበት አይችልም።

ከዚህ ሆነው የሚዘጋጁ ሰነዶች

በዚህ አካባቢ አመልካች ላይ የሚደርሰው መዘግየት በብዛት የሚመጣው ከነጥብ ሳይሆን ከወረቀት ነው። ከስም እንጀምር። በድሬዳዋ የተሰጠ ሰነድ በአማርኛ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ የተሰጠ በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪ ክልል የተሰጠ ደግሞ በሌላ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። በቁቤ አናባቢና ተነባቢ የሚደረብበት ስም ፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ሌላ ሰው ይመስላል፤ መሐመድ የሚለው ስም ብቻ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። መነሻው ፓስፖርቱ ይሁን፤ ዲግሪው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና የሥራ ልምዱ ትርጉም በሙሉ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይዘጋጅ። ሊስተካከል የማይችለው ካለ ደግሞ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የተረጋገጠ ሰነድ ይያያዝ።

ቀጥሎ የቀን አቆጣጠር ነው። ኅዳር 2013 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ኖቬምበር 2020 ሲሆን ጥር 2013 ግን ጃንዋሪ 2021 ነው። ሁሉንም ሰባት ዓመት ወይም ሁሉንም ስምንት ዓመት እየደመረ የሚተረጉም ሰው በሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጊዜ የሠራ ወይም ዓመት ሙሉ ሥራ ፈት የነበረ አስመስሎ ያቀርብዎታል። ተርጓሚው ከጨረሰ በኋላ እያንዳንዱን ቀን ራስዎ ያረጋግጡ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ጊዜ መውሰድ ይገባል። በእኛ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጠው ደብዳቤ ልማዱ የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና የአገልግሎት ዘመኑን ጽፎ "ለሚመለከተው ሁሉ" ብሎ መዝጋት ነው። የካናዳ መሥሪያ ቤት ግን ዋና ዋና ተግባራትን፣ የሳምንት የሥራ ሰዓትን፣ ደመወዝና ጥቅማጥቅምን እንዲሁም የፈራሚውን ስምና አድራሻ ይፈልጋል። ተግባራቱ በሙያ መደቡ መግለጫ ከተዘረዘሩት ጋር በይዘት መቀራረብ አለባቸው፤ ቃል በቃል የተገለበጠ ደብዳቤ ግን ጥርጣሬ ያስነሣል። የሰው ኃይል ክፍሉ "ፎርማታችን ይኸው ነው" ካለ፣ የቅርብ አለቃው በማኅተም የተደገፈ ተጨማሪ ማብራሪያ እንዲሰጥ ይጠየቅ፤ ከዚህ ጋር የደመወዝ መክፈያ ወረቀት፣ የግብርና የጡረታ መዋጮ ማስረጃ ይያያዝ።

ከሐረማያ ወይም ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ለገምጋሚው ተቋም በቀጥታ ከሬጅስትራር እንዲላክለት የወጪ መጋራት ዕዳውን ማጠናቀቅ ይኖርበታል። ይህንን ቀድሞ መጨረስ ከሌላው ሁሉ በላይ ጊዜ ይቆጥባል። ለኢሚግሬሽን የሚደረግ የትምህርት ግምገማ የሥራ ፈቃድ እንዳልሆነም ይወቁ፤ ነርስ፣ ሐኪምና ፋርማሲስት በየክፍለ ሀገሩ የሙያ አካል ዘንድ ለብቻ ይመዘገባሉ።

ገንዘቡ

ለካናዳ ኤክስፕረስ ኤንትሪ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ብቻውን የሚሄድ ሰው 15,263 የካናዳ ዶላር፣ አራት የቤተሰብ አባላት ደግሞ 28,362 ማሳየት አለባቸው። በካናዳ ልምድ ምድብ የሚገቡ ሰዎች ይህ አይመለከታቸውም። ከጁላይ 29 ቀን 2024 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በብር የተቀመጠ ገንዘብ በዶላር ሲሰላ በእጅጉ ስለወረደ፣ ልኩን ብቻ ይዞ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ በቂ ትርፍ ያስቀምጡ። የባንኩ ደብዳቤ የስድስት ወር አማካይ ቀሪ ሒሳብን ማሳየት አለበት። ቤትና መኪና አይቆጠሩም፤ የተበደሩትም ገንዘብ እንዲሁ። ዕቁብ ደርሶዎት በአንድ ቀን ትልቅ ገንዘብ ከገባ የዕቁቡ ጸሐፊ የፈረመበት ወረቀትና በየጊዜው ሲከፍሉ የነበረውን የሚያሳይ የባንክ ዝውውር ያዘጋጁ፤ ዕቁብ ምን እንደሆነ ሁለት መስመር ማብራራትም አይጎዳም።

የሚረዳዎትን ሰው መምረጥ

ቅጽ የሚሞላና የሕግ ምክር የሚሰጥ ሰው የተለያዩ ናቸው። በካናዳ በክፍያ መምከር የሚችለው ጠበቃ ወይም በኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ነው፤ በአውስትራሊያ የተመዘገበ የፍልሰት ወኪል የራሱ ቁጥር አለው፤ በእንግሊዝ ተቆጣጣሪው ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ የኢሚግሬሽን ምክር ባለሥልጣን ይባላል። ሦስቱም ለሕዝብ ክፍት መዝገብ ስላላቸው ስሙን ፈልጎ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። ከዚራ ላይ ቢሮ ከፍቶ ስሙ ከመዝገቡ የሌለ ሰው፣ ማመልከቻውን በእርስዎ የይለፍ ቃል የሚያስገባ ከሆነ፣ በውስጡ የጻፈውን ሁሉ እርስዎ እንደጻፉት ይቆጠራል። ሐሰተኛ መረጃ ሲገኝ ካናዳ አምስት ዓመት ታግዳለች፤ "ደላላው ነው" ማለት አያድንም። ስለዚህ የመለያ ስሙና የይለፍ ቃሉ ሁልጊዜ በእርስዎ እጅ ይሁን፤ ከመላኩ በፊትም የተሞላውን ቅጽ ገጽ በገጽ ያንብቡ።

የጊዜ ቅደም ተከተል

የቋንቋ ፈተና ውጤት ለሁለት ዓመት፣ የካናዳ የትምህርት ግምገማ ለአምስት ዓመት፣ በቋቱ ያለ ፕሮፋይል ለ12 ወር ይጸናል። ስለዚህ የማያረጀውን፣ ማለትም የልደትና የጋብቻ ምዝገባውን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውንና የስም ማስተካከሉን፣ መጀመሪያ ይጨርሱ፤ ቀጥሎ ትራንስክሪፕቱንና ግምገማውን፤ ፈተናውን ወደ መጨረሻው። አሻራ ለመስጠትና ለጤና ምርመራ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ስለሚኖር የባቡሩን ወይም የአውሮፕላኑን ወጪ አብረው ይያዙ። ግብዣው ሲመጣ ማመልከቻውን ለማስገባት ያለው 60 ቀን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያዳግተው የፖሊስ ማስረጃ ነው፤ ካናዳ ባለፉት አሥር ዓመታት ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ በተከታታይ ከተኖረበት አገር ሁሉ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ወረቀት ትጠይቃለች። በጂቡቲ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ወይም በዱባይ የሠራ ሰው የዚያን አገር ማስረጃ ግብዣው ከመምጣቱ በፊት መጠየቅ ይጀምር፤ እስከ 60ኛው ቀን ካልደረሰለትም ለማግኘት ያደረገውን ጥረት የሚያሳይ ደረሰኝና የማብራሪያ ደብዳቤ በዚያው ቦታ አያይዞ ያስገባ፤ ቦታውን ባዶ ትቶ የላከ ሰው ማመልከቻው እንዳልተሟላ ተቆጥሮ ሊመለስበት ይችላል።